ስለ ጡረተኛ መርማሪዎች ትዝታና ስለ ታሪክ ምስክርነት

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እያደር የሚጠራው እውነትና ንጋት ብቻ አይደለም፤ የሰው ትዝታም እያደር የሚጠራ ይመስላል። ሰው ነገሩ በተደረገበት ጊዜ ያላወቀውን፥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በሙሉ ልብ ዐውቃለሁ ይላል። ያን ጊዜ «ሳይሆን አይቀርም» ያለውን በሽምግልናው «ነው» ይለዋል። እንግዲህ የእውነት ጥራትና የትዝታ ጥራት በምን ይለያሉ? ይህ ጥያቄ ታሪክ ለሚጽፍም ታሪክ ለሚያነብም ትልቅ ጥያቄ ነው። ይልቁንም ተራኪው በሹመቱ የከበረ ሰው ሲሆን፥ የሚተርከውም ነገር ፍርድ ያላገኘ ደም ሲሆን፥ ጥያቄው ከዕውቀት አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል።

ይህንም በደፈናው ከመናገር በአንድ በታወቀ ምሳሌ መመርመር ይሻላል። ምሳሌያችንም በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በ1888 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተደረገው የኋይትቻፐል ግድያ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ገዳዩ እስከ ዛሬ ሳይታወቅ የቀረ ስለ ሆነ፥ በምርመራውም ከነበሩት ሹማምንት ብዙዎቹ ጡረታ ከወጡ በኋላ ትዝታቸውን ስለ ተዉልን ነው። የግድያውን ዝርዝር ለማውራት ግን አሳባችን አይደለም፤ በዚያ ውስጥ ለአንባቢ የሚጠቅም ትምህርት የለምና።

ኋይትቻፐል በሎንዶን ምሥራቅ ወገን ያለ፥ በዚያ ዘመን ድኾችና ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ከስደተኞቹም ብዙዎቹ በሩሲያ ግዛት ከደረሰባቸው ግፍ ሸሽተው የመጡ አይሁድ ነበሩ። በዚህ ሰፈርና በአጠገቡ ከኦገስት 31 ቀን እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1888 ድረስ አምስት ሴቶች በሌሊትና በማለዳ በካራ ተገደሉ። ይህም በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 ቀን 1880 እስከ ኅዳር 1 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከመውደቃቸው ከአራት ወር በፊት ነው። ስማቸውም ሜሪ አን ኒኮልስ፥ አኒ ቻፕማን፥ ኤሊዛቤት ስትራይድ፥ ካትሪን ኤዶውዝና ሜሪ ጄን ኬሊ ይባላል። በዚያ ወራት የተገደሉ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ነገር ግን ያንድ ሰው እጅ ሥራ ነው ተብለው ብዙ ጊዜ የሚቈጠሩት እነዚህ አምስቱ ናቸው። ገዳዩን ሕዝቡ «ጃክ ዘ ሪፐር» ብሎ የጠራው ለአንድ የወሬ ድርጅት በደረሰ ደብዳቤ ላይ ይህ ስም ተፈርሞ ስለ ተገኘ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው እውነተኛው ገዳይ ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ የለም።

በእነዚህ በአምስቱ ሴቶች ደም ተከሶ ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። ከምርመራውም መዝገብ ብዙው ጠፍቷል። የሎንዶን ፖሊስ በዚያ ጊዜም ዛሬም ሁለት ነው፤ ታላቁን ከተማ የሚጠብቀው ሜትሮፖሊታን ፖሊስ፥ ሲቲ የተባለውን የመካከለኛውን ክፍል የሚጠብቀው ሲቲ ፖሊስ ይባላል። የሲቲ ፖሊስ ወረቀት አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ድብደባ ጠፋ። የሜትሮፖሊታኑም ወረቀት ከጊዜ ብዛት ተበታትኖ የተረፈው ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። መዝገብ በጐደለ መጠን የትዝታ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ሰውም ባዶውን ስፍራ ሽማግሌዎቹ በተናገሩት ይሞላዋል። ስለዚህ የእነዚህን ሽማግሌዎች ቃል አንድ በአንድ እንመዝን።

በፊተኛው ስፍራ የሚቆመው ሰር ሮበርት አንደርሰን ነው። ይህ ሰው በ1888 የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ረዳት ኮሚሽነርና የወንጀል ምርመራ ክፍል አለቃ ሆኖ ተሾመ፤ በ1901 ጡረታ ወጣ። እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ በመጻሕፍት ትርጓሜም የደከመ ሰው ነበር፤ በትንቢተ ዳንኤል ስላሉት ሰባ ሱባዔዎች የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይታተማል። በ1910 የትዝታ መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ ገዳዩ ከፖላንድ የመጣ አንድ አይሁዳዊ እንደ ነበር፥ ይህም ግምት ሳይሆን የተረጋገጠ ነገር እንደ ሆነ ጻፈ። ገዳዩንም በደንብ ያየው አንዱ ምስክር ባቀረቡለት ጊዜ ሳያመነታ ለየው፥ ነገር ግን ሊመሰክርበት እንቢ አለ ብሎ ተረከ። የሰውየውን ስም ግን አልጻፈም።

ይህ ታላቅ ቃል ነው። ረዳት ኮሚሽነር፥ ያውም ጸሎተኛ ሰው፥ ተረጋግጧል ካለ ምን ይጨመርበታል? ነገር ግን መርማሪ ሌላውን እንደ መረመረ ራሱም ሊመረመር ይገባዋል። አንደርሰን ሹመቱን የተቀበለው ግድያው በጀመረበት ሰሞን ነበር፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያም ስለ ጤናው ዕረፍት ወስዶ ወደ ስዊስ አገር ሄደ። የተመለሰው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ከአምስቱ ግድያዎች ሦስቱ በተደረጉበት ወር በአገሩ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ራሱ በመጽሐፉ ይናገራል። ከተመለሰም በኋላ በኦክቶበር 23 ቀን 1888 ለአገር ውስጥ ሚኒስቴር በጻፈው ቃል አምስት ግድያ ተከታትሎ ሲደረግ ፖሊስ ቅንጣት ታህል ፍንጭ አለማግኘቱ በወንጀል ታሪክ ያልተለመደ ነገር ነው አለ። (እርሱ በዚያ ጊዜ የቈጠረው ከኬሊ በፊት የሆኑትንና ከኒኮልስም አስቀድሞ የተገደለችውን ሌላ ሴት ጨምሮ ነው።) እንግዲህ በ1888 ቅንጣት ፍንጭ የለም ያለው ሰው በ1910 ነገሩ ተረጋግጧል ይላል። በመካከል አዲስ ነገር ተገኝቶ ይሆናል እንበል። ከተገኘ ግን ለምን በመዝገብ አልቀረም? ከእርሱ በታችና ከእርሱ ጋር የነበሩት ሹማምንትስ ለምን አላወቁትም?

ከዚህ የበለጠ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንደርሰን ትዝታውን በመጽሐፍ ከማውጣቱ በፊት በዚያው በ1910 በብላክዉድ መጽሔት በተከታታይ አትሞት ነበር። በመጽሔቱ ምስክሩ ተጠርጣሪውን የለየው ተጠርጣሪው በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘግቶ ሳለ ነው ይላል። በመጽሐፉ ግን ይህ ቃል ወጥቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ፥ ባንድ ሰው እጅ፥ የነገሩ ስፍራ ጠፋ። ምስክሩም ማን እንደ ሆነ አልተነገረም። የታሪክ መርማሪዎች ግን ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ ጆሴፍ ላዌንድ ነው ይላሉ። ይህ ሰው በሴፕቴምበር 30 ሌሊት ኤዶውዝ ሞታ ከመገኘቷ ከዐሥር ደቂቃ ያህል በፊት፥ እርስዋ ናት ተብላ ከታሰበች ሴት ጋር አንድ ሰው ቆሞ አይቷል። ነገር ግን ዐሥራ አንድ ቀን ቈይቶ በአሟሟት መርማሪው ዳኛ ፊት በመሐላ ሲጠየቅ፥ ያን ሰው ዳግመኛ ባየው ማወቄን እጠራጠራለሁ ብሎ መለሰ። ምስክሩ እርሱ ከሆነ፥ ዐይኑ ያየው ሰው በዐሥራ አንደኛው ቀን የተጠራጠረውን፥ በወሬ የሰማው አለቃ በሃያ ሁለተኛው ዓመት ያለ ጥርጥር ጻፈው።

ሁለተኛው ዋና መርማሪ ዶናልድ ስዋንሰን ነው። ስለዚህ ግድያ የተጻፈው ወረቀት ሁሉ በእርሱ እጅ እንዲያልፍ በሴፕቴምበር 1888 የታዘዘ ሰው ስለ ነበረ፥ ከሌሎቹ ይልቅ የእርሱ ቃል ክብደት አለው። በ1903 ጡረታ ወጣ፤ የአንደርሰንን መጽሐፍ ሲያነብ በኅዳጉና በመጨረሻው ባዶ ገጽ በእርሳስ ማስታወሻ ጻፈ፤ ይህም ለሕዝብ የታወቀው በ1987 ነው። ተጠርጣሪው በባሕር ዳር ባለ ማረፊያ ቤት ለምስክሩ ቀርቦ እንደ ተለየ፥ ከዚያ ወደ ወንድሙ ቤት ተመልሶ በፖሊስ እንደ ተጠበቀ፥ ኋላም እጁን ታስሮ ወደ ኮልኒ ሃች የአእምሮ ሕሙማን ቤት እንደ ተወሰደና ጥቂት ቈይቶ እንደ ሞተ ይናገራል። ስሙንም ኮዝሚንስኪ ብሎ ጻፈ።

ይህን ማስታወሻ በመዝገብ ስንመዝነው ግማሹ ይቆማል፥ ግማሹ ይወድቃል። አሮን ኮዝሚንስኪ የሚባል ከፖላንድ የመጣ ድኻ አይሁዳዊ በእውነት ነበረ፤ በፌብሩወሪ 1891 ወደ ኮልኒ ሃች ገባ። ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ አልሞተም፤ በ1894 ወደ ሌላ ቤት ተዛውሮ እስከ 1919 ድረስ ኖረ። ስዋንሰን ማስታወሻውን በጻፈባቸው ዓመታት፥ ሞቷል ያለው ሰው በሕይወት ነበረ ማለት ነው፤ መጽሐፉ ከ1910 በፊት አልታተመምና ማስታወሻውም ከዚያ በፊት ሊጻፍ አይችልምና። በዚያው በኮልኒ ሃች በ1889 የሞተ የሌላ ሕመምተኛ ታሪክ ከዚህኛው ጋር ተቀላቅሎበት ይሆናል የሚሉ መርማሪዎችም አሉ። የስፍራውም ነገር ከአንደርሰን ጋር አይስማማም። አንደርሰን በመጽሔቱ ሰውየው በሕሙማን ቤት ሳለ ተለየ አለ፤ ስዋንሰን ወደዚያ ከመግባቱ በፊት በባሕር ዳር ተለየ አለ።

እዚህ ላይ ካህናት አንባቢዎቻችን የሶስናን ነገር ሳያስቡ አይቀሩም። ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ በጠየቃቸው ጊዜ የአንዱ ዛፍ ከሌላው ዛፍ ተለየ፤ ነገሩም ፈረሰ። በዳንኤል ትንቢት ላይ ያን ያህል የደከመው አንደርሰን፥ ዳንኤል ምስክር የመረመረበት ጥያቄ ለራሱ ቢቀርብለት ምን ይመልስ ነበር? ነገር ግን ልዩነቱን አናጥፋ። እነዚያ ሽማግሌዎች ሐሰተኞች ነበሩ፤ አንደርሰንና ስዋንሰን ግን ውሸት ፈጠሩ ለማለት ምክንያት የለንም። እግዚአብሔርን መፍራት አፍን ከሐሰት ይጠብቃል፤ ትዝታን ግን ከስሕተት አያድንም። ይህን ለይቶ ማወቅ ለታሪክ ጸሐፊ ይልቁንም አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይዋሽም» በማለት ብቻ ስሕተትን ይቀበላልና።

ሦስተኛው ሰር መልቪል ማክናተን ነው። ይህ ሰው ወደ ፖሊስ ሥራ የገባው በጁን 1889፥ ማለት የመጨረሻው ግድያ ከተደረገ ሰባት ወር ካለፈ በኋላ ነው። በፌብሩወሪ 1894 ለመሥሪያ ቤቱ በጻፈው ማስታወሻ ሦስት ተጠርጣሪዎችን ዘረዘረ፤ ድሩዊት፥ ኮዝሚንስኪና ኦስትሮግ የሚባሉ ናቸው። በዚያው ማስታወሻ በማንኛቸውም ላይ የማስረጃ ጥላ እንኳ እንዳልተገኘ ገልጧል፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ድሩዊት ዕድሜው 41 ያህል የሆነ ሐኪም ነው አለ፤ ሰውየው ግን ጠበቃና አስተማሪ ሆኖ ዕድሜው 31 ነበር። ኮዝሚንስኪ በማርች 1889 ገደማ ወደ ሕሙማን ቤት ገባ አለ፤ መዝገቡ ግን በ1891 ይላል። ኦስትሮግም የተባለው ሌባ በግድያው ወራት በፈረንሳይ አገር ታስሮ እንደ ነበረ በኋላ ዘመን ተገኝቷል። ማክናተን ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1914 መጽሐፍ ሲያወጣ የዕለት ማስታወሻ ይዞ እንደማያውቅና በትዝታው ብቻ እንደ ተማመነ በመቅድሙ ተናገረ። በዚህ መጽሐፍ ግን የ1894 ጥንቃቄ የለም፤ ስሙን ባይጽፍም ገዳዩ ራሱን አጠፋ ወደሚለው አሳብ በግልጥ አዘነበለ። የድሩዊት ሬሳ በዲሴምበር 31 ቀን 1888 ከቴምዝ ወንዝ መውጣቱ እውነት ነው። ከግድያው ጋር የሚያያይዘው ግን ምንም የታወቀ ማስረጃ የለም።

አራተኛው ኢንስፔክተር ፍሬደሪክ አበርላይን ነው። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በሰፈሩ መንገድ የተመላለሰ፥ ነዋሪውንም የሚያውቅ እርሱ ነበር። በ1892 ጡረታ ወጣ። በማርች 1903 ግን የፓል ማል ጋዜጣ ወሬኛ ቢጠይቀው ገዳዩ ክሎሶውስኪ ነው ብዬ አስባለሁ አለ። ይህ ክሎሶውስኪ፥ ጆርጅ ቻፕማን ተብሎ የሚጠራው፥ ሴቶችን በመርዝ በመግደሉ በዚያው ወር ተፈርዶበት በኤፕሪል የተሰቀለ ነው። እንግዲህ አስተውሉ። አበርላይን ይህን አሳብ የተናገረው የክሎሶውስኪ ስም በጋዜጣ ሁሉ በሞላበት ሳምንት ነው። አዲስ ነገር የድሮውን ትዝታ ወደ ራሱ ሳበው። በካራ ይገድል የነበረ ሰው እንዴት ወደ መርዝ ዞረ የሚለው ጥያቄም አልተመለሰም። ነገር ግን አበርላይን በዚያው ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል፤ ፖሊስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ካወቀው የበለጠ ዛሬ እንደማያውቅ፥ በወንዝ ስለ ሰጠመውና በሕሙማን ቤት ስለ ሞተው የሚወራውም መሠረት እንደሌለው አስታወቀ።

አምስተኛው ጆን ሊትልቻይልድ ነው፤ እስከ 1893 ድረስ የልዩ ክፍል አለቃ ነበር። በ1913 ለአንድ ጋዜጠኛ በጻፈውና በ1993 በተገኘው ደብዳቤ ተምብልቲ የሚባል አሜሪካዊ የመድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ተጠርጣሪ እንደ ነበረ አመለከተ፤ ይህም ሰው ራሱን እንዳጠፋ ይታመናል አለ። ተምብልቲ ግን ወደ አሜሪካ ሸሽቶ በ1903 ታሞ ሞተ። በዚህ ደብዳቤ ሊትልቻይልድ ስለ አንደርሰን ሲናገር ያወቀ መሰለው እንጂ እንዳላወቀ አድርጎ ጽፏል። አንድ ሹም ስለ ባልንጀራው ትዝታ የሰጠው ይህ ፍርድ ለራሱም ትዝታ ሊሠራ ይችላል።

አሁን እነዚህን ሁሉ ባንድነት እንመልከት። የአንደርሰንና የስዋንሰን ገዳይ በሕሙማን ቤት ተዘጋ፤ ስዋንሰንም ሞተ አለ። የማክናተን በወንዝ ሰጠመ። የሊትልቻይልድ ራሱን አጠፋ። የአበርላይን ተሰቀለ። አራት ስም፥ አራት አሳብ ነው፤ ፍጻሜያቸው ግን አንድ ነው፤ ገዳዩ ሳይቀጣ አልቀረም። ለምን እንዲህ ሆነ? ግድያው በድንገት ቆመ፤ የሰው ልብ ደግሞ የፈሰሰ ደም ያለ ፍርድ እንዲቀር አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ ወንጀለኛ ሲያድን የኖረ ሰውም ከሁሉ የሚበልጠው ወንጀለኛ አምልጦት እንደ ቀረ አምኖ ወደ መቃብር መውረድ ይከብደዋል። ስለዚህ ትዝታ ዳኛ በሌለበት ስፍራ ራሱ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ተንኰል አይደለም፤ ድካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ድካም የሚወጣ ፍርድ ሰውን ሊጐዳ ይችላል።

አላወቅሁም ያሉም አሉ። በ1888 የሲቲ ፖሊስ ምክትል የነበረው ሄንሪ ስሚዝ በ1910 ባወጣው መጽሐፍ ገዳዩ እርሱንም የሎንዶንንም መኰንኖች ሁሉ እንዳሸነፋቸው፥ የት ይኖር እንደ ነበረም ዛሬም እንደማያውቅ ገለጠ፤ አንደርሰን በአይሁድ ላይ የጻፈውንም ነቀፈ። ሆኖም ይኸው ትሑት ቃል ያለበት መጽሐፍ፥ ገዳዩ እጁን የታጠበበትን በደም የተቀላቀለ ውሃ ከመፍሰሱ በፊት ደርሼ አየሁ የሚል ታሪክ አለበት፤ በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ግን ይህን አይደግፍም። ዋልተር ዲው ደግሞ በ1888 በዚያ ሰፈር ወጣት መርማሪ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1938 ሲጽፍ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ አላለም። የሰፈሩን ሰው ፍርሃት፥ በኬሊ ክፍል ባየው ነገር የደረሰበትን ድንጋጤ ግን አስፍሮልናል። እንዲህ ያለው ትዝታ፥ ማለት ስም ሳይሰጥ የዘመኑን መንፈስ የሚነግር፥ ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ ይጠቅማል።

የአእምሮን ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይህን አስረድተውናል። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ለሰዎች እንግዳ የሆነ ተረት አስነብቦ ከቀናትና ከወራት በኋላ እንዲደግሙት ሲጠይቃቸው፥ ያልገባቸውን እየጣሉ የጐደለውን በሚገባቸው ነገር እየሞሉ እንዳሻሻሉት አሳየ። በአሜሪካም ኤሊዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ በ1974 ስለ አውቶሞቢል ግጭት ፊልም አሳይተው ሰዎችን ጠየቁ። አውቶሞቢሎቹ «ተጋጩ» ከሚል ይልቅ «ተላትመው ተሰባበሩ» በሚል ጠንካራ ቃል የተጠየቁት ፍጥነታቸውን አበዙት፤ ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ያልነበረ የተሰበረ መስተዋት አየን ያሉት ከእነርሱ ወገን በዙ። ትዝታ እንደ ታተመ መጽሐፍ ባለበት የሚኖር አይደለም፤ በተነበበ ቍጥር እንደ ገና የሚጻፍ ነው። በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ከተለወጠ በሃያ ሁለት ዓመት፥ በመሥሪያ ቤት ወሬና በጋዜጣ መካከል፥ ምን ያህል ይለወጥ?

ታዲያ የሽማግሌ መርማሪን ቃል እንጣለው ማለት ነውን? አይደለም። ልንመዝነው ይገባል እንጂ። ሚዛኑም በገዛ ቋንቋችን በሦስት ቃል ይገኛል፤ አየሁ፥ ሰማሁ፥ መሰለኝ። ማንኛውም የትዝታ ጽሑፍ ቢነበብ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ባንዱ ሥር ማኖር ይቻላል። አንደርሰን ስለ ምስክሩ የጻፈው፥ በዚያ ስፍራ ነበርሁ ስላላለ፥ ሰማሁ ከሚለው ሥር ይገባል፤ ተረጋግጧል ያለው ደግሞ መሰለኝ ከሚለው ሥር ነው። ችግሩ መሰለኝ የሚለው ቃል ከጊዜ ብዛት የአየሁን ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያው ሰው በጊዜው የጻፈው ካለ ከኋላው ቃል ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ቢጣሉ፥ ሌላ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ፥ የቀደመው ይበልጣል። ደግሞም ልንመረምረው የማንችለውን ትልቁን ነገር ከማመናችን በፊት ልንመረምረው የምንችለውን ትንሹን፥ ዕድሜን፥ ሥራን፥ የሞትን ዓመት መጠየቅ ነው፤ በትንሹ የተሳሳተ በትልቁ የግድ ተሳስቷል ባይባልም ሳይጠየቅ ሊታመን አይገባም። በመጨረሻም ሁለት ምስክሮች ቢስማሙ አንዱ ከሌላው የሰማ እንዳይሆን መለየት ነው። ኦሪት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር መሻቷ ያንድን ሰው ወሬ በሦስት አፍ ለመስማት አይደለም። ስዋንሰን ማስታወሻውን የጻፈው በአንደርሰን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ መሆኑን ስናስብ የዚህ ነገር ጥቅም ይገባናል።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን የሚተርፈን እነሆ፤ ኮዝሚንስኪ የሚል ስም በ1894ቱም ማስታወሻ በስዋንሰንም ጽሑፍ ስለ ተገኘ፥ ፖሊስ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው መጠርጠሩ የታመነ ነው። መጠርጠሩ ብቻ ግን ነው። ተጠረጠረ ማለትና ገደለ ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በኛ ዘመን እንኳ በ2019 በአንድ የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ፥ ከኤዶውዝ ሬሳ አጠገብ ተገኘ በሚባል ነጠላ ላይ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለውን የዘር ምልክት መርምሮ ወደ ኮዝሚንስኪ ያመለክታል አለ። ነገር ግን ነጠላው ከዚያ ስፍራ መጣ የሚለው አንድ ፖሊስ ወሰደው ብሎ ቤተ ሰቡ ሲተርክ ከኖረው ወሬ ነው፤ በዚያ ሌሊት ከሟችዋ ጋር የተገኘው ዕቃ ተዘርዝሮ ሲጻፍ ይህ ነጠላ አልተጻፈም። እንዲህ አዲሱ ጥበብም ቢሆን በአሮጌ ትዝታ ላይ ከተሠራ ከመሠረቱ በላይ ሊጸና አይችልም።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል፤ ሟቾቹም ተጠርጣሪዎቹም ሹማምንቱም ሁሉ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና። ነገር ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንደርሰን ስም ሳይጠራ የጻፈው ቃል በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልቀረም፤ በኋይትቻፐል ይኖሩ በነበሩ ስደተኞች ሁሉ ላይ ወደቀ፤ የወገናቸውን ነፍሰ ገዳይ ለዳኛ አሳልፈው አይሰጡም የሚል ነቀፋም ጨመረበት። በዚያው በ1910 የሎንዶን አይሁድ ጋዜጣ ስለዚህ ነገር ተቃውሞ ጻፈ። ኮዝሚንስኪም በሕመም ሃያ ስምንት ዓመት ተዘግቶ የሞተ፥ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሊመልስ ያልቻለ ድኻ ነው። ድሩዊትም በኀዘን የሞተ ሰው ነው። ዳኛ ያልፈረደባቸውን ሰዎች በትዝታ ስንፈርድባቸው፥ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለሙታንም እንደሚጠብቅ መርሳት አይገባንም።

ከዚህ ለራሳችን አንድ ምክር እንውሰድ። በየደብሩና በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ያዩ ሽማግሌዎች አሉን፤ ትዝታቸውም የታሪካችን ጥሪት ነው። እንዲጽፉ እንለምናቸው፤ ሲጽፉም ቀኑን፥ ስፍራውን፥ ነገሩን እንዴት እንዳወቁት ይጨምሩበት፤ ያዩትን አየሁ፥ የሰሙትን ሰማሁ፥ የመሰላቸውን መሰለኝ ይበሉ። አላውቅም የሚለውንም ቃል አይፈሩት። ሄንሪ ስሚዝ ገዳዩ አሸነፈኝ ሲል ሹመቱ አልተዋረደም፤ ከመጽሐፉ ሁሉ ሳንጠራጠር የምንቀበለውም ይህን ቃሉን ነው።

የኋይትቻፐል ገዳይ ስም አይታወቅም። የአምስቱ ሴቶች ስም ግን፥ የሞቱበትም ቀን፥ በጊዜው በመሐላ ከተጻፈ መዝገብ ይታወቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን ያልነጋውን ነጋ ብሎ መናገር ሌሊቱን አያሳጥረውም።